የደጃፋችን ጥቁር ጠብታ

እናቴ አባቴን የት እንደዋለ ጠይቃው አታውቅም። መሬት መሬት ነበር የምታየው። መኪናችን በቆመችበት ሁሉ ጥቁር ዘይት ጠብ ታደርጋለች፤ ጠላ ቤት ደጅ ጠብታ ከታየ አባቴ እዚያ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከታየ ተሳልሞ ነው የመጣው። ሁለቱም ጋ የታየ ቀን እናቴ «ዛሬስ ንስሐውን ከኃጢአቱ ጋር አብሮ ጨረሰ» ትል ነበር። የአሰላ ሰፈራችን ሰዎችም ለምደውት፣ ገበያ ሲያገኙኝ «አባትሽ ወፍጮ ቤት ቆመው ነበር መሰለኝ፣ ፊርማቸውን አየሁት» ይሉኛል።

መኪናዋ ሸራ የለበሰች አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እኛ ቤት ስትደርስ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ታክቶት ቆሞ ነበር። አባቴ ለገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ጨውና ሳሙና በጢቾ መንገድ ያመላልስባታል። ያ መንገድ ድንጋዩ ብዙ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ኮፓዋን ከሥር መትቶ ሰነጠቀው። ኮፓ የሚሉት ከሞተሩ ሥር የተሰቀለውን፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበትን የብረት ገንዳ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያለው ማሸጊያም ደርቆ ተቆራርጧል። አባቴ ግን አያሠራትም። ጠዋት ጠዋት ከላይ ዘይት ይጨምራል፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ከታች ታንጠባጥባለች። «ስንት ዘመን ተስማምተን ኖረናል፣ ምን ቤት ነሽ?» ይለኛል ስናገረው።

ቀልዱ ያበቃው በቡናው ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ቡና ያለ ፈቃድ ማዘዋወር ክልክል ነበር። አባቴ ለአክስቴ፣ ለባሏ ተዝካር የሚሆን ጥቂት ቡና ከሳሙና ካርቶን ሥር ሸሽጎ አደረሰላት፤ ማንም አላየውም። በማግሥቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ፣ ወደ አክስቴ ቤት ከሚወስደው መገንጠያ ጀምሮ በነጩ አቧራ ላይ የወረደውን ጥቁር ነጠብጣብ እየተከተለ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ አክስቴ ጓዳ ገባ። ቡናው ተወረሰ፤ አባቴም ቀበሌ ታስሮ ሰነበተ። ሲፈታ ሊቀመንበሩ በቀበሌው ስብሰባ ላይ «እርስዎን ለመከታተል ሰላይ አያስፈልግም፤ መኪናዎ ራሷ ጓድ ናት» አለው። ስብሰባው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላማ እናቴ ብትለምን፣ እኔ ብጮኽ፣ አባቴ ወይ ፍንክች! «አሁን ባሠራት ጥፋቴን ማመኔ ነው» አለ። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ለሚጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው።

ያንን ሊቀመንበር አልወደውም ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ አልልም። ካኪ ለብሶ፣ በቡት ጫማው መሬቱን እየረገጠ ሲመጣ ውሾቹ እንኳ ዝም ይላሉ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲጀመር መጀመሪያ የሰጠው የገዛ ልጁን ነው፤ «ምሳሌ መሆን አለብኝ» ብሎ። ልጁ ወደ ሰሜን ከተላከ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ሰውየው ግን አልለሰለሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። የሱ ልጅ የሄደበትን መንገድ የሁሉም ልጅ እንዲሄድበት የፈለገ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ የታናሽ ወንድሜ ስም ተጠራ።

አባቴ «ናዝሬት አጎቱ ጋ ነው» አለ። ሊቀመንበሩ በራችን ላይ ቆሞ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሰኞ ጠዋት ያቅርቡት። ካልቀረበ ቤቱ ይፈተሻል፤ እዚህ ከተገኘ እርስዎም አብረው ይታሰራሉ» ብሎ ሄደ። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ከጎተራው ኋላ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ገና ጢሙ በወጉ አላበቀለም። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አፉን በእጇ ያዘችው፤ አልተናገረም እኮ፣ እንዲሁ ብቻ ነው የያዘችው።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር። ከጢቾ ወዲህ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ይኖራል፤ የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ልጅነታችንን ሁሉ ማር እየላከ ያሳደገን ሰው። እሱ ጋ ከደረሰ ከዘመድ ወደ ዘመድ አሻግሮ ያኖረዋል። በአውቶቡስ እንዳይሄድ ኬላው ላይ ወጣት ይወርዳል፤ በእግር እንዳይሄድ አፈሳ ነው። የቀረችው መኪናችን ናት። እሷ ደግሞ ከደጃችን እስከ ሰውየው ደጅ ጥቁር መስመር ታሰምራለች። በጋ ነው፣ አቧራው እንደ ዱቄት ነው፣ የሚያጥበው ዝናብ የለም። ወንድሜን ብቻ ሳይሆን ያንን ደግ ሰውም ይዘን እንጠፋለን።

«ነገ ጋራዥ ውሰዳታ!» አልኩት አባቴን።

«እና ምን ልበላቸው? ይህን ሁሉ ዘመን ያላሠራሁትን፣ ልጄ በተጠራ በማግሥቱ አማረኝ ልበል?»

እውነቱን ነበር። አሰላ ውስጥ ያቺ መኪና ተሠራች ማለት በጥሩንባ እንደማስነገር ነው። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ፣ ማንም ሳያውቅ፣ እኛው ራሳችን ልንሠራት ሆነ። አጥራችን የባሕር ዛፍ አጠና ነው፤ በክፍተቱ ጎረቤት ዓይኑን ሳይጨምር አያልፍም።

ሐሙስ ለት የእናቴን መላ ሞከርን። እናቴ ለጧፍ የምታስቀምጠው ሰፈፍ ነበራት። «ስንጥቁን በሱ ድፈኑት፤ እንስራ ይደፍናል፣ ገንዳ ያቅተዋል?» አለች። አባቴ ከሥር ተኝቶ፣ ስንጥቁን በቤንዚን ጠርጎ፣ ሰፈፉን በአውራ ጣቱ እየዳመጠ ሞላው። የጭላሎ ተራራ ብርድ ነውና ወዲያው ድንጋይ ሆነ። ከሥር ጣሳ አስቀምጠን ሞተሩን አስነሳን። ጠብታ የለም። አባቴ እንደ ልጅ ሳቀ፤ እናቴ አማተበች። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን መጀመሪያ ቢጫ ነገር ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ ጥቁሩ ተከተለ፣ ከዚያ ከበፊቱ ባሰ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰፈፍ እኮ ነው!» አለች እናቴ፣ እንደተከዳች ሰው።

«ሞተሩ ክርስትና አልተነሳም» አላት አባቴ። አልሳቅንም። አንድ ቀን ሙሉ ሄደብን።

ዓርብ ኮፓውን ማውረድ ግድ ሆነ። አባቴ ወፍራም ነው፤ መኪናዋን በክሪክ አንስተን ከሥሯ ድንጋይ ደርድረን እንኳ ከደረቱ በላይ አልገባ አለ። እኔ ቀጭን ነኝ፤ የእናቴን አሮጌ ቀሚስ ለብሼ ገባሁ። መጀመሪያ ዘይቱን በቆርቆሮ አወረድኩት። ከዚያ ዙሪያውን ያሉትን ቡሎኖች፣ ቁልፉን በመዶሻ እየመታሁ፣ መፍታት ጀመርኩ። ብረት ብረትን ሲመታ ይሰማልና እናቴ ሙቀጫዋን መኪናዋ አጠገብ አውጥታ ትወቅጣለች፤ እሷ ስትመታ እኔ እመታለሁ፣ እሷ ስታርፍ እኔም አርፋለሁ።

«ምነው ዛሬ ሙቀጫሽ ዕረፍት አጣ?» አለች ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ።

«በርበሬ ነዋ! ወዲህ እንዳትጠጊ፣ ዓይንሽን ያጠፋዋል!» አለቻት እናቴ። ሙቀጫው ውስጥ አንድ ፍሬ በርበሬ አልነበረም። ባዶ ሙቀጫ ነበር የምትወቅጠው።

የመጨረሻው ቡሎን አልፈታ አለ። ራሱ ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ ቁልፉ ይንሸራተታል። እሱ ከተሰበረ ኮፓው ተመልሶ አይታሰርም፣ መኪናዋ እዚያው ድንጋይ ላይ ትቀራለች፣ ሰኞም ይደርሳል። አባቴ ከውጭ ሆኖ «ቀስ! ቀስ አድርጊ!» ይላል። «አንተ ራስህ ግባና ፍታው!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ መውቀጧን አቆመች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከጓዳው የወንድሜ ሳል ተሰማ፤ አቧራው ይዞት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ሳለ። እናቴ ዘነዘናውን አንስታ እንደ እብድ ትወቅጥ ጀመር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ቁልፉን ገፋሁት፤ ቡሎኑ ጮኾ ዞረ። እጄ ተልጦ ደሙ ከዘይቱ ጋር ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ስንጥቁን አባቴ ራሱ በየደው። የራዲያተር ቀዳዳ የሚደፍኑበት፣ ስታኞ የሚሉት ቀላጭ ብረት ነበረው፤ የመበየጃውን ብረት በከሰል አግሎ፣ ስታኞውን ስንጥቁ ላይ አቅልጦ እየደጋገመ አፈሰሰበት። የቀረን ማሸጊያው ነው። በኮፓውና በሞተሩ መካከል የሚገባ ጠንካራ ካርቶን ያስፈልጋል፤ የሳሙናው ካርቶን ዘይት ሲነካው ይፈርሳል። አባቴ ቤቱን ሁሉ ዞሮ ምንም አጣ።

እናቴ ወደ ሳሎን ገባች። ግድግዳው ላይ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬቷ ተሰቅሏል። አርጅታ ፊደል የቆጠረችበት፣ እንግዳ ሲመጣ በመስታወቱ ላይ አቧራ ሳይኖር የምትጠርገው ነው። ከመስታወቱ ስታወጣው ውፍረቱ እንደ ጫማ ገበር ነበር። ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ መቀሱን ይዞ ቆመ፤ አልቆርጥ አለ።

«ማንበቡን አልረሳሁትም፤ ቁረጠው» አለችው።

ቆረጠው። ስሟ የተጻፈበትን ጥግ ግን አትርፎ መለሰላት። የቀረውን ካርቶን በዘይት ነክረን፣ ኮፓውን ቡሎን በቡሎን መልሰን አሰርን። አባቴ ጠዋት ጠዋት ከሚጨምረው አዲስ ዘይት ሞልተን፣ ሞተሩን አስነስተን እስኪግል ጠበቅን። እኔ ከሥር ተንጋልዬ ጣቴን በጠርዙ ዙሪያ አዞርኩ። ደረቅ ነው። ያንን ደረቅ ብረት ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። መኪናዋ ማስነሻዋ ጠዋት ጠዋት በብርዱ እምቢ ስለሚል አባቴ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ በሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነው የሚያቆማት፤ ስትንከባለል ትነሳለች። ወንድሜ ከኋላ ከሸራው ሥር፣ በጨው ጆንያና በሳሙና ካርቶን ታጥሮ ተኝቷል። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ገመዱ ተዘርግቷል። ጠባቂው አባቴን ያውቀዋል፤ ዘወትር ስለ ዘይቱ ይቀልድበታል። የዚያን ለት መኪናዋ ቆማ ሳለ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ። ከዚያ መሬቱን አየ። ከዚያ አባቴን አየ።

«አባባ፣ ዛሬ ፊርማዎን አላኖሩም?»

ከኋላችን ጆንያ ሲንቀሳቀስ የሰማሁ መሰለኝ። አባቴ መሪውን እንደያዘ «ምን ታደርገው፣ እሷም አርጅታ ደረቀች፤ እንደ እኔ» አለው። ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀና ገመዱን ጣለ። አባቴ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ በመስታወቱ ኬላውን እያየ ነዳ።

በየዳገቱ እየቆምን፣ ሽንት የያዘን መስለን፣ ሥሯን እናያለን። ደረቅ ነው። ድንጋይ ከሥር ኳ ባለ ቁጥር አባቴ የራሱ ሆድ የተመታ ይመስል ያቃስታል። የገብሱ ማሳ ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ገላጣ ነው፤ መደበቂያ ዛፍ እንኳ የለም። ወዳጁ ቤት ስንደርስ ሰውየው አልጠየቀም። ሸራውን ገልጦ ወንድሜን በክንዱ ደግፎ አወረደውና «ሂን ሶዳቲን» አለው፤ አትፍራ ማለቱ ነው። ወደ አባቴም ዞሮ «በቃ፣ የኔ ልጅ ነው። ሂድ፣ አትዘግይ» አለ። ወንድሜ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ከጉንጬ ላይ የዘይት ጥላሸት አየና በእጅጌው ጠረገልኝ። መሬቱን አየሁ፤ አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

ቤት ገብተን ለእናቴ የኬላውን ቀልድ ስንነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። «እሱ ካስተዋለ ሰኞ የሚመጡት አያስተውሉም?» አለች። እኛ ያላሰብነውን አሰበች። መኪናዋ ዝንተ ዓለሟን ያንጠባጠበችበት ደጃችን ድንገት ከደረቀ፣ ለምን እንደሠራናት ማንም ይገምታል። ዓርብ ያወረድኩት አሮጌ ዘይት በቆርቆሮ ተቀምጧል። እናቴ ሰኞ ማለዳ፣ ዳዊቷን ደግማ ስትጨርስ፣ በማንኪያ ቀድታ ከበሩ አጠገብ፣ እድሜ ልኳን ስታየው በኖረችው ቦታ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችው።

ስሕተቱን ያየሁት እነሱ በሩን ሲያንኳኩ ነው። አባቴ ቅዳሜ ደክሞት ሲገባ መኪናዋን አላዞራትም፤ አፍንጫዋ ወደ ቤቱ ነው፣ ወደ በሩ ያለው ቂጧ ነው። ዘይቱ የፈሰሰው ከኋላ ጎማዋ ሥር ነው። ኮፓው ያለው ግን ማዶ፣ ከፊት ነው።

ሊቀመንበሩ ከጠባቂዎቹ ጋር ገባ። «ግቡና ፈትሹ!» አላቸው። ሲገቡ ጎተራው ሲገፋ፣ ሳጥን ሲከፈት ይሰማል። እሱ ግቢው ውስጥ ቀረ። አባቴ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ እናቴ ደረጃው ላይ፤ እኔ ከሷ ጎን። ሊቀመንበሩ መኪናዋን ዞራት። ከፊቷ ጎንበስ ብሎ ደረቁን መሬት አየ። ቀና አለ። ወደ ኋላ ሄዶ ጥቁሩን ዘይት አየ። በጣቱ ነካና አሸተተው። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። አለቀልን አልኩ። አባቴን አሁን ይወስደዋል፣ ገርፎ ያናግረዋል፣ ከዚያ ጢቾ ይሄዳሉ።

ሰውየው ዘይት የነካውን ጣቱን በካኪው ላይ ጠረገ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ጠባቂዎቹ «ምንም የለም፣ ጓድ» እያሉ ሲወጡ፣ አንዱ ወደ መኪናዋ መጣ። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ተራመደና በሁለት እግሩ ዘይቱ ላይ ቆመ።

«መኪናዋን እኔ አይቻለሁ። ቅደሙ!» አላቸው።

እስኪወጡ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም። ከዚያ አባቴን ሳያይ፣ በሩን እያየ፣ በለሆሳስ «ሞተሯ ከፊት ነው፣ አባባ» አለው። ወጣ።

አባቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር፤ ቡት ጫማው ዘይቱን ጠጥቶ፣ ከግቢያችን እስከ መንገዱ ጥቁር አሻራ እያኖረ ሄዷል። ጠባቂዎቹ ዞር ቢሉ የት ቆሞ እንደነበር ያዩታል። አመድ በቁና ሞልቼ ወጣሁ። ለሚያየኝ ደጅ የማጸዳ መስዬ፣ ያንን የምጠላውን ሰው ፈለግ አንድ በአንድ እየሸፈንኩ እስከ ጥጉ ተከተልኩት።

ወንድሜ መንግሥት ሲለወጥ ጢም አብቅሎ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው በልጦ ተመለሰ። የሊቀመንበሩ ልጅ አልተመለሰም።